ዝናቡ ምን አደረገ? ስለ «የተፈጥሮ አደጋ» ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። የላከችልኝ ጎረቤቴ ናት። ምንም ቃል አልጨመረችበትም።

ጽሑፉ የሚያወራው ክረምት በመጣ ቁጥር የአዲስ አበባን ዳር ዳር ሰፈሮች ስለሚመታው ጎርፍ ነው። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ጎርፍ፣ የመሬት ናዳና የመሬት መንቀጥቀጥ የተፈጥሮ አደጋዎች ናቸው፤ ተፈጥሮን ደግሞ ማንም ሊከሳት አይችልም። የአየር ንብረት ስለተለወጠ ጥፋቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ወንዝ ዳር የሰፈሩ ሰዎችም ራሳቸው መርጠው የገቡበት ነው። «ክስተት» እና «አደጋ» እያሉ ቃል መሰንጠቅ የምሁራን ጨዋታ ነው፤ ጎርፍ ለወሰደው ሰው ስሙ ምን ይፈይድለታል? በመጨረሻም መቅሰፍት ሲመጣ የሚያዋጣው ጸሎት እንጂ ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም ይላሉ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። በክፋት የጻፉትም አይመስለኝም፤ ሐዘናቸው ከልብ ነው። ግን ሳነበው ሆዴ ተረበሸ። የምኖረው ከሃና ማርያም ወዲያ፣ ወደ ፉሪ በኩል ነው። የጻፉት ስለ እኔ ሰፈር ነው ማለት ይቻላል። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከቃሉ ልጀምር። እሳቸው መጨረሻ አካባቢ ቢያነሱትም ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

አማርኛችን እዚህ ጋ ትንሽ ያደናግራል። መኪና ቢገለበጥ «አደጋ» እንላለን። ከባድ ዝናብ ሲጠበቅም አደጋ እንላለን። ዝናቡ ቤት አፍርሶ ሰው ሲወስድም ያው አደጋ ነው። የሚመጣው ነገርና መጥቶ ያደረሰው ጉዳት በአንድ ስም ይጠራሉ። በሙያው ያሉ ሰዎች ግን ይለዩታል። ከባድ ዝናብ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የዝናብ መቅረት ክስተቶች ናቸው። ጉዳት ሊያመጡ ይችላሉ፤ ላያመጡም ይችላሉ። አደጋ የሚባለው ክስተቱ ሰው ያለበት ቦታ ደርሶ፣ ያ ሰው ሊቋቋመው ሲያቅተው ነው። ማንም በሌለበት በረሃ መሬት ቢንቀጠቀጥ ክስተት ነው። ያው መንቀጥቀጥ በደንብ ያልተሠራ ፎቅ ሥር ቢያልፍ አደጋ ይሆናል።

ይህ የምሁራን ጨዋታ ነው? አይደለም። የአገራችን ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ለይቶታል። «ድርቅ» እና «ረሃብ» አንድ ናቸው የሚል ሰው አለ? ድርቅ የሰማዩ ነው። ረሃብ ጓዳ የሚገባ ነው። በሁለቱ መካከል ጎተራ አለ፣ ገበያ አለ፣ መንገድ አለ፣ መንግሥት አለ። በ1966 የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ በሌላው የአገሪቱ ክፍል እህል ነበር። በ1977 ድርቁ ብቻውን አልነበረም፤ ጦርነትም ነበረ። በ2008 ደግሞ ከኤልኒኞ ጋር ብርቱ ድርቅ መጣ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ዕርዳታ ፈለገ። ከብት አለቀ፤ ችግሩ ከባድ ነበር። ሆኖም እንደ 1977 ሕዝብ በየመጠለያው አልረገፈም። ሴፍቲኔት ነበረ፣ መንገድ ነበረ፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ መረጃ ነበረ። ዝናቡ በሁለቱም ዘመን ቀርቷል። በሰማዩና በጓዳው መካከል ያለው ነው የተለወጠው።

ለጎርፍ እንዲህ ያለ ሁለት ቃል የለንም። የሚወርደውም ጎርፍ ነው፤ ቤት የሚያፈርሰውም ጎርፍ ነው። የምንምታታው ለዚህ ይመስለኛል። የተባበሩት መንግሥታትም በአንድ ወቅት ተምታቶበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1999 ያለውን ጊዜ «የተፈጥሮ አደጋ ቅነሳ አሥርት ዓመት» ብሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ባቋቋመው መሥሪያ ቤት ስም ላይ ግን «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል ቀርቷል። የእኛም ኮሚሽን የሚጠራው «የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር» ተብሎ ነው።

ስሙ ምን ይፈይዳል ለሚለው፣ እኔ ያየሁትን ልንገርዎት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ውሃ ቤታችን ገባ። መጀመሪያ የሰማሁት የጎረቤት ጩኸት ነው። እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ገባ። ፍራሹ፣ አንድ ማዳበሪያ ጤፍ፣ የልጆቹ ደብተር፣ ሁሉም ተበላሸ። ከእኛ በታች ያሉ አንዲት እናት በሩ በጭቃ ተይዞባቸው የሰፈሩ ልጆች ቆርቆሮውን ገንጥለው አወጧቸው። ተመስገን፣ ሰው አልሞተም። በማግስቱ ከአንድ ቢሮ ሰዎች መጡ። ፎቶ አነሱ። «የተፈጥሮ አደጋ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል» አሉና ሄዱ። በቃ። ስሙ የፈየደው ይህንን ነው። ሌላ ጥያቄ እንዳይጠየቅ በሩን ዘጋ።

በዚያው ቀን ከሰዓት አጎቴ ከበቾ ደወሉ። ስለ እኛ አልሰሙም። «ሌሊት እንዴት ያለ ዝናብ ጣለ መሰለህ! ለጤፉ ደረሰለት» አሉኝ። ድምፃቸው ፍንድቅድቅ ይል ነበር። ልነግራቸው አልደፈርኩም። ያው ዝናብ ነው፣ ያው ሌሊት። እሳቸው ማሳ ላይ በረከት ሆነ፤ እኛ መኝታ ቤት ገብቶ አደጋ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስዝቅ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም።

በበቾና በእኛ ሰፈር መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የእኛ የከተማው ደቡብ ጠርዝ አፈር እንደ በቾ አብዛኛው ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ያብጥና ይዘጋል። አንዴ ከጠገበ ውሃ እንደ ልብ አያሳልፍም። ማሳ ላይ ግን ውሃው ይተኛል። በሣሩና በቦዩ እየተያዘ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከእኛ በላይ ያለው መሬትም ድሮ እንዲሁ ነበር። ሽምብራና ጓያ ይዘራበት ነበር። አሁን ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ቢወርድ 3 ሺህ ሊትር ውሃ ነው። በትልቁ በርሜል 15 በርሜል ማለት ነው። ይህ ከአንድ ቤት ብቻ ነው። 1 ሺህ ቤት ሲሆን 15 ሺህ በርሜል ይሆናል። ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቁልቁለት፣ ወደ አንድ ቱቦ ይሮጣል። ከተማችን ደግሞ ራሷ ያዘነበለች ናት። ከእንጦጦ አናት እስከ አቃቂ 1 ሺህ ሜትር ያህል ትወርዳለች። የእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ከፉሪ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው፤ ላይ ያለው ሰው የለቀቀው ታች ያለው ቤት ይገባል።

ቱቦውስ? ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሲኖትራኮች ሌሊት ሌሊት እየመጡ ከሕንፃ ቁፋሮ የወጣ አፈር ወንዙ ዳር ይደፉ ጀመር። አንድ መኪና፣ ሁለት መኪና፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውነው። አፈሩ ወንዙን ከአንድ በኩል አጠበበው። ቱቦው አፍ ላይ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክና ቅርንጫፍ ተከመረ። ግንቦት ላይ ደብዳቤ አስገባን። ሰኔ ላይ ደገምን። «ይታያል» ተባልን። ዝናቡ የመጣው ነሐሴ ነው። አደጋው ግን ከሚያዝያ ጀምሮ ሲሠራ ነበር። በደረቅ ቀን፣ በሰው እጅ፣ በመኪና እየተጫነ ነው የመጣው።

ጸሐፊው በተፈጥሮ አደጋ ዝርዝራቸው ውስጥ ቆሼን ማስገባታቸው ደግሞ በጣም አሳዘነኝ። መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ ነበር። ክረምት አልነበረም። የመሬት መንቀጥቀጥም አልነበረም። የተናደው ተራራ አይደለም፤ ከተማው ከ50 ዓመት በላይ ሲደፋው የኖረ ቆሻሻ ነው። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ቀደም ብሎ ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ መሄድ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ እዚያ መድፋቱ ቆመ፤ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ከክምሩ ሥር ሰው እንደሚኖር የማያውቅ አልነበረም። ከክምሩ ላይ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። እዚህ ውስጥ የተፈጥሮ ድርሻ የቱ ጋ ነው? ቆሼን የተፈጥሮ አደጋ ማለት የእነዚያን ሰዎች ሞት ሁለተኛ መቅበር ነው።

በዝርዝራቸው ያስገቡትን የገዜ ጎፋን ናዳ በተመለከተ ግን በከፊል እስማማለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የደረሰው ናዳ ከባድ ዝናብ በጣም ቀጥ ባለ ተራራ ላይ ወርዶ ያመጣው ነው። ተፈጥሮ እዚያ ትልቅ ድርሻ አላት። ይህን አልክድም። ከ200 በላይ ሰው ያለቀው ግን በአንድ ናዳ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ሰው ተሰበሰበ። በእጁና በአካፋ ይቆፍር ነበር። በዚያ ላይ ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከሞቱት ብዙዎቹ ጎረቤታቸውን ሊያድኑ የወጡ ሰዎች ናቸው። ናዳ የወረደበት ቁልቁለት ወዲያው እንደማይረጋ፣ ሊደግም እንደሚችል በሙያው ይታወቃል። ያንን እውቀት ቀድሞ ለመንደሩ ማድረስ የተፈጥሮ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ እመጣለሁ። «ወንዝ ዳር የሰፈሩት ራሳቸው መርጠው ነው» የሚለው።

በመጀመሪያ ይህ ከራሳቸው ሐሳብ ጋር ይጋጫል። ላይ ጥፋተኛ የለም ብለዋል። ወረድ ብለው ጥፋተኛው የተጎዳው ሰው ነው አሉ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ቆርቆሮ ተገንጥሎ የወጡትን እናት ታሪክ ልንገርዎት። ሰፈራችን ሁሉም «እማማ» ይላቸዋል። ድሮ ቄራ አካባቢ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ኪራይ ሲጨምር ወደ ጀሞ ወጡ። እዚያም ሲጨምር ወደዚህ መጡ። በየጊዜው ከከተማው ይርቃሉ፣ በየጊዜው ወደ ረባዳው ይወርዳሉ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ጥሪት ሰብስበው በደላላ በኩል ትንሽ ቦታ ገዙ። ቤቷ ጨረቃ ቤት ናት፤ በሌሊት የቆመች፣ ካርታ የሌላት። ቦታውን ያዩት ጥር ላይ ነው። ወንዙ ደርቆ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት ነበር። ደላላው «ይሄ ምን ወንዝ ነው፣ የክረምት ቦይ ናት» አላቸው። መምረጥ የሚባለው ሁለት ነገር ፊት ለፊት ሲቀርብ ነው። እሳቸው ፊት የቀረበው አንድ ነው።

ጎርፉ ከሄደ በኋላ አንድ ሰው «እማማ፣ ወንዝ ላይ ቤት ይሠራል እንዴ?» ሲላቸው የመለሱትን አልረሳውም። «ልጄ፣ እኔ ወንዙ ላይ አልሄድኩም። እሱ ነው የመጣብኝ» አሉት። እውነታቸውን ነው። ቤቱን ሲሠሩ ውሃው የሚያልፈው ከ20 እርምጃ በላይ ርቆ ነበር። በወዲያኛው ዳር አፈር ሲደፋ ነው ወደ እሳቸው የዞረው። ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ ካርታ ያለው ግቢ አለ። የአርማታ አጥሩን ወንዙ ውስጥ ገብቶ ሠርቷል። ያ አጥር ውሃውን ገፍቶ ወደ ድሃው ዳር ይልከዋል። የእሳቸውን ሕገ ወጥ እንላለን፤ የእሱን ግን ማንም አያነሳውም።

ደረቅ ወንዝ ሰው ሲያታልል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የድሬዳዋው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። በ1998 ክረምት አንድ ሌሊት ደጋው ላይ የዘነበው ውሃ በዚያ አሸዋ ላይ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ያንን የሚያህል ውሃ ይመጣል ብሎ ተኝቶ የነበረ ሰው አልነበረም። ላይኛው አገር መዝነቡን ታች ላለው ሰው በጊዜ የሚነግር ቢኖር ግን የሚሸሽበት ሰዓት ነበረ።

ጸሐፊው የሚያቀርቡት መፍትሔም ያሳስበኛል። «ማስነሳት ብቻ ነው» ይላሉ። ሰው ከወንዝ ዳር መነሳቱን አልቃወምም። እኔም እፈልጋለሁ። ግን ክረምት መግቢያ ላይ ቤት ፈርሶበት መሄጃ ያልተሰጠው ሰው የት ይሄዳል? ወደሚቀጥለው ሸለቆ ነው የሚወርደው። እዚያ ደግሞ ማንም አያውቀውም፣ ዕድርም የለውም።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚሉት እውነት አለው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ይይዛል። ስለዚህ ሲዘንብ ሊበረታ ይችላል። ያንን ጋዝ የለቀቅነውም በዋናነት እኛ አይደለንም። እሺ። ታዲያ ዝናቡ የሚበረታ ከሆነ ቱቦው መስፋት አልነበረበትም? የእኛ ጠበበ። ሲኖትራኩን የላከው ባሕር ማዶ ያለ ሰው አይደለም።

የመሬት መንቀጥቀጥን ደግሞ «ይህ እንኳን በፍጹም ከሰው አቅም በላይ ነው» ብለው አልፈውታል። መንቀጥቀጡን ማስቆም አይቻልም፤ ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የሆነውን ግን ያስታውሱ። ጥር ላይ ሄይቲን መጠኑ 7.0 የሆነ መንቀጥቀጥ መታት። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቺሊን 8.8 መታት። ጉልበቱ የሄይቲን 500 ጊዜ ያህል ነው። ቺሊ ውስጥ የሞተው 500 ሰው ገደማ ነው። ጥልቀቱና ከከተማ ያለው ርቀት የራሱ ድርሻ አለው። ትልቁ ልዩነት ግን ቤቱ ነው። ቺሊዎች ከዚያ በፊት ደጋግሞ ስለመታቸው የግንባታ ሕጋቸውን አጠበቁ፤ አስከበሩትም።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ እዚህ ድረስ ተሰምቶናል። በአቅራቢያችን ያለ ኮንዶሚኒየም ነዋሪው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሜዳ ላይ አድሯል። እዚያ አፋርና ኦሮሚያ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ቀድሞ እንዲወጣ ተደርጓል። በዚያ የደረሰብን የሰው ሞት ጥቂት የሆነው አንዱም በዚህ ነው። እዚህ ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ ፎቅ ሲሠራ አያለሁ። የምሰሶውን ብረት ዙሪያውን የሚይዘው ቀጭን ብረት፣ ስታፋው፣ ተቀራርቦ መታሰር ሲገባው ተራርቆ ይታሰራል። አርማታው ቶሎ እንዲፈስ ውሃ ይበዛበታል። ያ ምሰሶ ዛሬ ምንም አይልም። ቀኑን ይጠብቃል።

የቀረው የመቅሰፍት ነገር ነው። ይህን በጥንቃቄ ልናገር፤ እኔም አማኝ ነኝና። ዝናብ ሲጠፋ ምሕላ እንይዛለን። እግዚኦ ብለን የምንለምነው ያንኑ ዝናብ ነው። ታዲያ ለምነን የተሰጠንን ነገር፣ አፈር የዘጋው ቱቦ ወደ ቤታችን ስላስገባው ቁጣ እንበለው? እኔ አልደፍርም። መጸለይ ልክ ነው። ያን ሌሊት ጸልየናል። ግን ሲኖትራክ ለሠራው ሥራ እግዚአብሔርን ተጠያቂ ማድረግ ትሕትና አይመስለኝም። ጥፋተኛ ፍለጋም ሰው ለማሰር አይደለም። ቱቦውን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ጸሐፊው ፈቃዳቸው ከሆነ አንድ ቀን ይምጡ። ክረምት አይሁን። ክረምት ሁሉም ሰው ይመጣል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በጥር ይምጡ፣ እማማ ቦታውን ባዩበት ወር። ወንዙን እስከ ቱቦው አሳይዎታለሁ።

ባለፈው እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ 11 ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘን ወርደን ነበር። ፌስታሉንና ቅርንጫፉን ከቱቦው አፍ አነሳን። እማማ ቡና አፍልተው አመጡልን። አፈሩ ግን በእጅ የሚነሳ አይደለም። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ኤክስካቫተር ይፈልጋል። ሦስተኛውን ደብዳቤ ሰኞ ዕለት አስገብተናል። የመዝገብ ቁጥር ሰጥተውናል።